ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሽቦ

ነገሩ በጠቅላላ አንድ ሺህ ሃምሳ ብር ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ሦስት መቶ ሃምሳ። የአንድ ጥሩ ቅዳሜ ትርፍ እንኳ አይሞላም። ርካሽ የሆነልኝ ቀሪውን ሌሎች ሰዎች ስለከፈሉልኝ ነው፤ ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም፤ በደህና ዋጋ የገዛሁ መስሎኝ ነበር።

ሞተር ሳይክል ለማያውቅ ሰው በመጀመሪያ ላስረዳ። ከሞተሩ ሆድ በግራ በኩል አንድ አጭር ዘንግ ብቅ ይላል። ዘንጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ጥርሳም ብረት ትሰካለች፤ የፊት ጥርስ እንላታለን። ካቴናውን ይዛ የኋላውን ጎማ የምታዞረው እሷ ናት። እሷን ዘንጉ ላይ የሚያቆያት ደግሞ አንዲት ስስ ላሜራና ሁለት ትንንሽ ቡሎን ናቸው። በቃ። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል የሚሸከም ነገር በሁለት ቡሎን ታምኖ ይሄዳል። ቡሎኖቹ ሲላሉ መጀመሪያ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ካልሰማሃት ከዘንጉ ላይ ትወጣለች። ስትወጣ ካቴናው ተጠቅልሎ የኋላውን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ይቆማል፣ አንተ ግን መንገድህን ትቀጥላለህ።

ይህችን ጥርስ በሐዋሳ እንደ ጋሼ የሚያስር መካኒክ አልነበረም። ጋራዣቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ በአማርኛ የመጣውን በአማርኛ፣ በሲዳሙ አፎ የመጣውን በሲዳሙ አፎ እየሰደቡ ሠላሳ ዓመት ሠርተውበታል። ቡሎኖቹን ካጠበቁ በኋላ እንደ ሌላው መካኒክ እጃቸውን አይታጠቡም። የሁለቱንም ቡሎን ራስ አስቀድመው በትራፓኖ ይበሱታል። በቀዳዳዎቹ ስስ ሽቦ አሳልፈው አንዱን ከሌላው ጋር ያስሩና በፒንሳ ይጠመዝዙታል። አንዱ ቡሎን ልላላ ቢል ሽቦው ሌላውን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

«ባልና ሚስት ማለት ነው» ይሉ ነበር ለደንበኛ ሲያስረዱ፤ «አንዱ ልሂድ ሲል ሌላው ይይዘዋል።»

«እኛ ቤት እኮ ሁለታችንም ነን ልሂድ የምንለው» አላቸው አንድ ጊዜ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«እንግዲያው የአንተ ቤት ብየዳ ነው የሚያስፈልገው» አሉት።

እኔን የሚያውቁኝ ከልጅነቴ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ማስቲካና ሲጋራ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ መናኸሪያ ውስጥ ስሸጥ፣ ዝናብ ሲመጣ በራቸው ሥር እጠለል ነበር። አንድ ቀን ከአሮጌ መኪና የተፈታ ወንበር አሳዩኝና «እዚህ ተኛ፤ ዕቃ ግን እንዳትነካ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ተኛሁበት። ዕቃ አልነካሁም፤ ዛሬም ቡሎን መፍታት የማልችለው ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ትምህርት ቤት የተማረውን እኔ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ጋሼ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ እየሰማሁ ተማርኩት። አሁን እዚያው ሠፈር ነጠላ ጫማ፣ ሳፋና ጀሪካን የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ለየመንደሩ ሱቆች የማደርሰው በሞተሬ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ሞተሬ ከሥር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ወደ ጋሼ ወሰድኩት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሲሠሩ አየኋቸው። ቡሎኑን አፍንጫቸው ሥር አምጥተው አዩት። ሽቦውን ሊያሳልፉ ሲሉ ቀዳዳውን የሚፈልጉት በጥፍራቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ሳቱ። «የዘንድሮ ሽቦ ደግሞ!» ብለው ሽቦውን ተቆጡት። ሲጨርሱ ሌላ ነገር ሆነ። ጋሼ የሠሩትን ሞተር ራሳቸው ነድተው ሳይሞክሩ ለባለቤቱ ሰጥተው አያውቁም ነበር። ያን ቀን «አንተው ሞክረው፤ ጉልበቴን ያመኛል» አሉኝ።

ጉልበት ነው ያሉት።

«ስንት ልስጥ ጋሼ?»

«የልብህን።»

«የነጋዴ ልብ እኮ ርካሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ዋጋ የማልናገረው እንዳታፍር ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ዘንጉ ትንሽ ተበልቷል። በየሁለት ወሩ እያመጣህ ላጥብቅልህ።»

በማግሥቱ አራት ጥቅል ጫማ ጭኜ የታቦርን ዳገት ስጀምር ቀጭ ቀጭ አለ። ተመልሼ ወደ ጋሼ ብሄድ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እኔ ግን አዲስ ከተማ ሠፈር ወዳለው ግራኝ መካኒክ ሄድኩ። ግራኙ ሙያውን የተማረው ከጋሼ ነው፤ ስድስት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ፣ መርቀው ነው የሸኙት። ሽፋኑን ፈታ።

«ና እስቲ እይ» አለኝ።

ሽቦው በአንደኛው ቡሎን ቀዳዳ አልፏል። የሁለተኛውን ቀዳዳ ግን ስቶ በጎኑ ሄዶ፣ ተመልሶ ከራሱ ጋር ተጠምዝዟል። አጠማዘዙ ደግሞ ቆንጆ ነው፤ እኩል፣ ጥብቅ ያለ። ባዶውን ቦታ አጥብቆ ይዞታል። ቡሎኑ በጣት ይዞር ነበር።

«ማን ሠራው?»

«ማን ይመስልሃል?»

«በናትህ እንዳትለኝ።»

«ጋሼ ናቸው።»

ግራኙ ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «ዓይናቸው ነው?»

«እሳቸው ጉልበቴ ነው ያሉት።»

እንደገና አጥብቆ፣ በሚገባ አስሮ ሰጠኝ። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር በስልክ ላክሁለት። ልሄድ ስል ሞተሩን ያዘብኝ።

«ንገራቸው» አለኝ።

«አንተ ንገራቸው። የሙያ ልጃቸው አንተ ነህ።»

«እኔ እንዴት ብዬ? ፒንሳ አያያዝ ያስተማሩኝን ሰውዬ፣ ጋሼ ቀዳዳው አይታይዎትም ልበላቸው? አንተ ምላስ አለህ።»

«የእኔ ምላስ ለጫማ ነው።»

እንዲህ ተባብለን ሁለታችንም ተውነው። ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼ ከዚያ ጋራዥ በቀር ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት የላቸውም። ‹የጋሼ ዓይን ፈዘዘ› የሚል ወሬ አንዴ መናኸሪያ ከገባ ከአውቶቡስ ቀድሞ ሻሸመኔ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ማን ሞተሩን ይሰጣቸዋል? ሰውዬው ቤት ገብተው ግድግዳ ሊያዩ ነው፤ እሱንም በደንብ ላያዩት።

ስለዚህ የነጋዴ መላ ዘየድኩ። በሁለት ወሩ እንዳሉኝ ሞተሩን ወደ ጋሼ ወሰድኩ፤ ፈቱት፣ አሰሩት፣ የልቤን ከፈልኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ግራኙ ነዳሁ። ያን ጊዜ ሽቦው በሁለቱም ቀዳዳ አልፎ ነበር፤ ላሜራዋ ግን ቦታዋ ላይ አልተቀመጠችም። ግራኙ አስተካከለ። ሁለት ወር ቆይቶ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። የምፈራው ጋሼ ሽፋኑን በከፈቱ ቁጥር የሌላ ሰው እጅ ያገኙብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አሮጌውን ሽቦ በፒንሳ ቀጭ አድርገው ቆርጠው ይጥሉታል። የሚጣል ሽቦ ማን ይዳብሳል?

«ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ዛሬም ያው ነው» እላቸው ነበር ስሄድ።

ደስ ይላቸዋል። ፊታቸው ላይ ሲወጣ አየዋለሁ። ይህን ደስታ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር የምገዛላቸው እኔ ነኝ ብዬ ለራሴም ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ የምደሰተው።

ሦስተኛው በተሠራ ማግሥት ጋሼ ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ወተት በሞተር የሚያመላልስ አንድ ደንበኛዬ መጣ፤ ለልጁ ጫማ ፈልጎ ነው። ጫማውን እየመረጠ፣ «የእኔም ሞተር እንዳንተው ከፊት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የአንተን ማን ሠራልህ?» አለኝ።

ጋሼ ብርጭቋቸውን ይዘው ቀና አሉ። ፈገግ ብለዋል፤ መልሱን ያውቁታላ።

ምን ልበል? «ጋሼ እዚህ ተቀምጠው ሌላ መካኒክ ይጠየቃል?» አልኩት።

«ነገ ጠዋት አምጣው» አሉት ጋሼ።

በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። ሰውዬው ሲወጣ ተከትዬ፣ ጆሮው ላይ፣ ‹ከጋሼ በኋላ አዲስ ከተማ ያለው ግራኝ ጋ ጎራ በል› ልለው ነበር። ሁለት ሴቶች ከአለታ ለሱቃቸው ሊጭኑ ገቡ፤ ብዙ ዕቃ የሚወስዱ ናቸው። ስከራከር፣ ስቆጥር፣ ሳስር ወተት አመላላሹ ሄደ። ስልኩ ነበረኝ። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ደክሞኝ ነበር። ያን ቀን ገበያው ጥሩ ነበር።

ጋሼ በሠሩለት በአራተኛው ቀን ከታቦር ሲወርድ የሞተሩ የፊት ጥርስ ወጣች። ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ሰውዬው በግራና በቀኝ ከጫናቸው ጀሪካኖች ጋር ተፈነገለ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። እኔ ስደርስ እሱን ወስደውት፣ አስፋልቱ ላይ ወተቱ ብቻ ወደ ቦዩ ይወርድ ነበር። አንድ ሰው ጥርሷን ይፈልጋል፤ ቡሎኖቹም ሽቦውም አልተገኙም።

ቤተሰቡ ክስ አልፈለገም። በሽማግሌ ይታይ ተባለና እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ። ከተጎጂው ወገን ታናሽ ወንድሙ መጣ። እኔ የመጣሁት በጋሼ ወገን ነው።

«እኛ ክፉ አንናገርም» አለ ወንድምየው፤ «ግን በሠሩት በአራተኛው ቀን ነው የወጣው። አልታሰረም ማለት ነው።»

«አስሬያለሁ» አሉ ጋሼ። «ሽቦ አድርጌያለሁ። በእጄ ነው የጠመዘዝኩት።»

«ማስረጃው መንገድ ላይ ቀረ እንግዲህ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚሉት አልመጣልኝም ነበር። «ማስረጃማ አለ። የዚህ ልጅ ሞተር ውጭ ቆሟል። በዚያው ሳምንት ነው የሠራሁት፤ ያው ሥራ፣ ያው እጅ። ክፈቱና እዩት።»

ሞተሩን ገፍተው አስገቡት። እኔ ቆሜ አየሁ። ‹አይከፈት› ለማለት ምክንያት ፈለግሁ፤ ጫማ ለመሸጥ አሥር ምክንያት የምደረድር ሰውዬ አንድ እንኳ ጠፋኝ። ሹፌር የነበሩት ሽማግሌ ሽፋኑን ፈቱና በስልካቸው መብራት አጎንብሰው አዩ።

«ጥንቅቅ ያለ ነው» አሉ። «እኔ በዕድሜዬ እንዲህ የታሰረ አላየሁም። ና አንተም እይ።»

ወንድምየው አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ ረግቧል። «መንገዱ ይሆናል እንግዲህ» አለ። «ዕቃውም አሮጌ ነው። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አለቀ። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ሊነሱ ነው። እኔ ትንፋሼን ለቀቅሁ፤ እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ‹አንድ ሺህ ሃምሳ ብሬ ሥራውን ሠራ› የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ።

«እስቲ እኔም ልየው» አሉ ጋሼ።

ተንበረከኩ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸውን ሽቦው ላይ አሳረፉ። ከአንደኛው ቡሎን ወደ ሌላው በቀስታ አስኬዱት። መልሰው አመጡት። እንደገና ሄዱበት። ያን አውራ ጣት እያየሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ምን እያነበበ እንደሆነ ገባኝ።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ።

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«እኔ ፒንሳ የምይዘው በቀኜ ነው። ይሄ ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው። ያሰረው ግራኝ ነው።» አውራ ጣታቸውን ከሽቦው አነሱ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጁ ጎበዝ ነው።»

ሹፌር የነበሩት ሽማግሌ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸዋል። «ተዉት ጋሼ» አሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እኮ አልቋል። ልጁ ረክቷል። ተዉት።»

«አላለቀም።» ከመሬት ሳይነሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ እኔ ልበል እንጂ የቆምኩበትን አልፈው ነበር የሚያዩት። «ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስቱም አልያዘም?»

«የመጀመሪያው ሽቦው ቀዳዳውን ስቶ፣ ሁለተኛው ላሜራዋ...»

«ይበቃል።»

ተነሱና ወንድምየውን በትከሻው ያዙት። «ወንድምህን የጣልኩት እኔ ነኝ። መንገዱም አይደለም፣ ዕቃውም አይደለም። ሕክምናውን እኔ እሸፍናለሁ» አሉት። ልጁ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እንዲህ ዓይነት ምርቃት ሲሰማ ያማል።

ሁሉም ከሄደ በኋላ እኔ ቀረሁ። «ጋሼ፣ እንዳያዝኑ ብዬ ነው» አልኩ።

«ለእኔ አዘንክልኝ። ለሰውዬውስ?» ዕቃዎቻቸውን በየመስቀያቸው ይመልሱ ነበር፤ አንዱንም አልሳቱም። «የራስህን ሞተር ግራኙ ጋ እየወሰድክ የሌላውን ሰው ሞተር ወደ እኔ ላክህ።»

ቁጣ አልነበረበትም። የዕቃ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ሞተሬን ገፍቼ ወጣሁ።

ጋሼ ለሕክምናው ብለው ብረት መንከሻ ሞርሳቸውን፣ ትራፓኖውንና የቁልፎቹን ስብስብ ሸጡ። ግራኙ ከዋጋው በላይ ሰጥቶ ሊገዛቸው መጣ፤ ለሌላ ሰው አሳንሰው ሸጧቸው። እኔ የሕክምናውን ግማሽ በጎረቤታቸው በኩል ላክሁ። ሳይጎድል በዚያው ጎረቤት ተመለሰልኝ።

ወተት አመላላሹን ሄጄ ጠየቅሁት። እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነበር። ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ያን ቀን ጫማውን ስመርጥ እያወቅክ ነው?» አለኝ።

«እያወቅሁ ነው።»

ጀሶውን አየ። «ጫማውስ ቢሆን ልጄን ጠበበው» አለ። ሚስቱ ሻይ አምጥታልኝ ነበር፤ አልጠጣሁትም።

ከሁሉም የሚከፋውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግራኙ ጋሼን ለምኖ፣ እጅ እግራቸውን ይዞ፣ ዓይናቸውን አሳየላቸው። ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው አሏቸው። በአንድ ቀጠሮ አንዱን፣ በሌላ ቀጠሮ ሌላውን ገፈፉላቸው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። እኔና ግራኙ የጋሼ ዓይን አለቀ ብለን፣ በልባችን ለቅሶ ተቀምጠን፣ አንዳችንም ‹ይታዩ› ለማለት አፋችንን ሳንከፍት ከርመናል። የመጀመሪያው ቀን፣ ያ ባዶውን ያሰረ ሽቦ ሲታይ፣ ይዤው ሄጄ ‹ጋሼ፣ ይኸው› ብላቸው ኖሮ፣ ይሰድቡኝ ነበር። ይታከሙም ነበር።

እሁድ እሁድ ቤታቸው እሄዳለሁ። በሩን ራሳቸው ይከፍቱልኛል፤ አሁን ከደጅ ሳለሁ ይለዩኛል። ‹ግባ› ይሉኛል። ገበያ ይጠይቁኛል፤ ስለ ጫማ፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለ ሞተር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ሞተሩን ሁለት ቤት አልፌ ነው የማቆመው። አንድ ጊዜ የግቢያቸው በር ማጠፊያ ላልቶ አይቼ ‹ይሄን ሽቦ ቢያደርጉለት› ልል ነበር፤ ዋጥኩት። በሚቀጥለው እሁድ ስመጣ ሌላ ሰው ጠርተው አሠርተውታል።

አሁን ያለው ይህ ነው። ሞተሬ ይሄዳል። ወተቱን ታናሽ ወንድምየው ያመላልሳል፤ ታላቅየው ያነክሳል። ጋራዡ ተከራይቶ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ጋሼ ያያሉ፤ ፒንሳ ግን አልያዙም።